የጌጤ ብርጭቆዎች

የጌጤ አርባ በወጣ በሦስተኛው ቀን ልጇ ሐና ቤቱን ማጽዳት ጀመረች። ሐና የምትሠራው ደብረ ብርሃን ባንክ ቤት ነው፤ ከፈቃዷ የቀራት አራት ቀን ብቻ ነበር። በነዚህ አራት ቀናት የእናቷን ልብስ ለሚገባው ሰጥታ፣ ዕቃውን በካርቶን አስራ፣ አባቷን ይዛ ልትሄድ አስባለች። አባቷ ከበደ ግን በረንዳው ላይ ካለችው ወንበር ንቅንቅ አላለም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ አሁንም ሲቀመጥ ግራ እግሩን ፍሪሲዮን እንደሚረግጥ ሰው ወደፊት ይዘረጋል።

«አባዬ፣ እነዚህን ልድፋቸው?» አለች ሐና ከውስጥ።

«ምኖቹን?»

«የእማዬን አቮካዶዎች። ውሃው ሸቷል።»

ከበደ ተነሥቶ ገባ። የሳሎኑ መስኮት ላይ ሰባት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። የሻይ ብርጭቆ አለ፣ የጁስ ብርጭቆ አለ፣ አንዱ እንዲያውም ክዳኑ የጠፋ የማርማላታ ጠርሙስ ነው። በያንዳንዱ አፍ ላይ አንድ የአቮካዶ የውስጥ ፍሬ ወገቡን በሦስት ስቴኪኒ ተወግቶ ተንጠልጥሏል። ወፍራሙ ጎኑ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሹሉ ወደ ላይ። በለቅሶው ሰሞን አንዳንድ ጎረቤት እያስታወሰ ውሃ ባይጨምርባቸው ኖሮ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሁሉንም አድርቋቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ ሦስቱ ጠቁረው ሞተዋል። አራቱ ግን ለሁለት ተሰንጥቀው ነጭ ሥር ወደ ታች ሰደዋል፤ ከአራቱ አንዱ ደግሞ ስንዝር የሚያህል ግንድ አውጥቶ ቀላ ያሉ ቅጠሎች ይዟል።

ከበደ ቆሞ አያቸው። ጌጤ በሕይወት ሳለች በነዚህ ብርጭቆዎች የተነሣ ያልተጨቃጨቁበት ሳምንት አልነበረም።

«ውሃ የምጠጣበት ብርጭቆ አጣሁ እኮ!» ይላል እሱ።

«በጣሳ ጠጣ» ትላለች እሷ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው።

የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር ጌጤ ብርጭቆዎቹን አንሥታ አልጋ ሥር ትደብቃቸው ነበር። አገሩ የወባ አገር ነው፤ የቆመ ውሃ ከታየ ቁጣ አለ። ሴትየዋ ከወጣች በኋላ መልሳ መስኮቱ ላይ ትደረድራቸውና «በየሁለት ቀኑ ነው የምቀይረው፣ ቢንቢስ መች ጊዜ አግኝታ ትፈለፈላለች?» እያለች ለብቻዋ ትከራከራለች። ከበደ ይሄን ሲያስብ ፈገግ አለ።

«አትድፊያቸው» አለ።

«ሁሉንም?»

«የሞቱትን ድፊ። የቆሙትን ተያቸው።»

ሐና ከቆሙት አንዱን ብርጭቆ ውሃ ልትቀይርለት አነሣችና ድንገት ቀጥ አለች። ብርጭቆው ጀርባ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ጌጤ ፊደል የቆጠረችው ሐናን ከወለደች በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ስትጽፍ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻው እንደ ድንጋይ ታስቀምጠዋለች። «ሐይማኖት» ይላል። ጎረቤታቸው ናት። ሁለተኛውን አዞረችው፣ «ታደሰ»፤ እሱ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው መካኒክ ነው። ሦስተኛው ላይ የተጻፈው «ሐና» የሚል ነበር። ሐና ብርጭቆውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ አባቷም አላባበላትም፤ ማባበል አያውቅበትም።

አራተኛውን ያነበበው ራሱ ነው። ቅጠል የያዘው ነበር። «ኡበይድ ካራቆሬ» ይላል።

«ኡበይድ ማነው?» አለች ሐና ዓይኗን እየጠረገች።

«እኔ ምን አውቄ?»

ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሯት ኖሯል። ዘመዶቿን ያውቃል፣ ማኅበርተኞቿን ያውቃል፣ ዕቃ የምትገዛባቸውን ነጋዴዎች ሁሉ በስም ያውቃል። ኡበይድ የሚባል ሰው ግን ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። ያንን ቀን ሙሉ ነገሩ ከነከነው። ራት ላይ ሐና «ስልኳ ላይ እንየው» ብላ ከመሳቢያ ብታወጣው ባትሪው አብጦ አልከፈትም አለ። ከበደ ሲነጋ ጥቁር ኮቱን ደረበ፤ ብርጭቆውን በፌስታል ከታች እስከ አፉ ጠቅልሎ ቅጠሎቹን ብቻ ከላይ አስቀረና ወደ መነኻሪያ ወረደ።

የካራቆሬ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ቦታ አገኘ። ብርጭቆውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው። ያንን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ሊነዳው ይችላል፤ የት ጉድጓድ እንዳለ፣ የት ከብት እንደሚያቋርጥ፣ የትኛው ድልድይ ላይ አንድ መኪና ብቻ እንደሚያልፍ ያውቃል። እንደ ተሳፋሪ ሲያየው ግን ሌላ መንገድ መሰለው። የማሾው ማሳ ታጭዷል። የሽንኩርቱ መስክ በመስኖ ውሃ ያብለጨልጫል።

ጀውሃ ሲደርሱ ሹፌሩ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ከበደ በመስኮቱ ወደ ምግብ ቤቶቹ አየ። ከምጽዋ መንገድም ሆነ ከአሰብ፣ በኋላም ከጅቡቲ ሲመለስ እዚህ ሳይቆም አልፎ አያውቅም። ቤቱ ለመድረስ ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ቀርቶት፣ ከሹፌሮች ጋር ቁርጥ በልቶ፣ ካርታ ተጫውቶ፣ አመሻሽ ላይ ነው ቤቱ የሚገባው። ጌጤ ከድና ያቆየችው ምግብ ይቀርባል። «በልቻለሁ» ይላል። አንድ ቀን እንኳ «የት?» ብላ አልጠየቀችውም። ታውቅ ነበር፤ ጀውሃ የሚበላውን ሸዋ ሮቢት የማይሰማ የለም።

ያ ሁሉ ተጠራቅሞ ነው በ2014 መስከረም የፈነዳው። ሐና ስትመረቅ መኪና መንዳት አቆማለሁ ብሎ ነበር። ሐና ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ ዓመታት አለፉ፣ እሱ ግን «ይቺን አንድ ዓመት» ማለቱን አልተወም። የመጨረሻውን «አንድ ዓመት» የሰማች ቀን ጌጤ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣

«አንተ ያገባኸው መኪናውን ነው» አለችው። «እኔ እዚህ የምጠብቀው ቤቱን ነው። ለቤቱ ደግሞ ዘበኛ ቅጠርለት።»

ሻንጣዋን ይዛ ማጀቴ እህቷ ዘንድ ሄደች። እሱም «ሂጂ» አለ። ሁለት ወር አልደወለም፣ አልደወለችም። ኅዳር ላይ ጦርነቱ መጣና መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ፤ እሱ ሚሌ ላይ መኪናውን አቁሞ ቀረ። ታኅሣሥ መንገዱ ሲከፈት በሩ ወደተሰበረ፣ ዕቃው ወደተበተነ ቤቱ ገባ። ጌጤ ውስጥ ነበረች፤ እየጠረገች ነው። መስኮቱ ላይ ሦስት ብርጭቆዎች ቆመዋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አላት። ከሦስት ወር በኋላ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ዘር ነው» አለች፤ መጥረጓን ቀጠለች።

በዚያው ታረቁ፤ ታረቁ ከተባለ። ለምን እንደተመለሰች አልጠየቃትም። እህቷ ገሥጻ መልሳት ይሆናል፣ ወይ ቤቱ ተዘረፈ ሲባል አሳስቧት ይሆናል ብሎ ተወው። እህትየዋ ከሁለት ዓመት በፊት ስላረፈች አሁን የሚጠየቅ ሰውም የለም።

ካራቆሬ ወርዶ አንድ የባጃጅ ሹፌር ሲጠይቅ ሰውየው አላቅማማም። «የፍራፍሬው ኡበይድ? ይግቡ!» አለው።

ሱቁ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ያለ ነው። ማንጎ፣ ሙዝና አቮካዶ በእንጨት ሣጥን ተደርድሯል። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው ሚዛን ላይ ጎንበስ ብሏል። ቀና ሲል ከከበደ በፊት ያየው ብርጭቆውን ነው።

«የእትዬ ጌጤ!» አለና ፊቱ በራ። «ፋዲላ! ነይማ፣ እትዬ ጌጤ ልከዋል!»

ሚስቱ ፋዲላ እጇን በሻሽዋ ጫፍ እያደረቀች ከጓሮ ወጣች። ብርጭቆውን አይታ ሳቀች፤ ከከበደ ትከሻ ባሻገር ወደ ባጃጁ ተመለከተች።

«እሳቸውስ? አልወረዱም እንዴ?»

ፋዲላ ያን ጊዜ ጥቁር ኮቱን፣ ያልተላጨውን ጢሙን አየች። ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ።

«ውይ» አለች ቀስ ብላ። «ውይ፣ አይደለም በሉኝ።»

«አርባዋ ወጣ» አለ ከበደ። «ደሟ ከፍ ብሎ ነው። አልቆየችም፤ በሁለተኛው ቀን አለፈች።»

ኡበይድ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። ፋዲላ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። ስታለቅስ ከበደ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ይህች ሴት ለጌጤ የምታለቅሰው እንደ እህት ነው፤ እሱ ግን ዛሬ ገና ነው ያያት።

ወደ ቤት አስገቡት። ፋዲላ ዓይኗ ገና ሳይደርቅ ውሃ አቀረበችለት። «ጾም ላይ ናችሁ አይደል?» ብላ ሽሮና ዳቦ አመጣች፤ አጠገቡ አቮካዶ በሎሚና በቃሪያ ፈጭታ አኖረች።

«ይሄን እሳቸው ናቸው ያስለመዱን» አለች። «ያን ጊዜም ጾም ነበር። የኛን ሥጋ አይበሉ፣ ወተት አይጠጡ። ግራ ገባን። ደግነቱ መንገዱ ሲዘጋ ኡበይድ ገና ያወረደው ስድስት ኩንታል አቮካዶ ሱቅ ውስጥ ነበረ። ገዢ የለ፣ መኪና የለ። እሳቸውም እኛም ልጆቹም ጠዋት አቮካዶ፣ ማታ አቮካዶ። ሃያ ሁለት ቀን!»

«የት ነው ሃያ ሁለት ቀን?» አለ ከበደ።

«እዚህ ነዋ። እዚህ ቤት።»

ከበደ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «ጌጤ ማጀቴ ነበረች። እህቷ ጋ።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ኡበይድ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ፋዲላ ግን የያዘችው ነገር እንደከበዳት ያስታውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ አልነገሩዎትም ማለት ነው?» አለችው። «እርስዎን ሲፈልጉ አይደል እንዴ የመጡት?»

ከዚያ ነገረችው። ማጀቴ ላይ «ከሚሌ የተነሡ መኪኖች መንገድ ላይ ተቃጠሉ፣ ሹፌሮቹም አልቀዋል» የሚል ወሬ ገባ። ጌጤ ወሬውን የሰማች ዕለት ለእህቷ እንኳ በቅጡ ሳትነግር ነጠላዋን ደርባ በእግሯ ወጣች፤ የሚሳፈሩበት መኪና አልነበረም። ካራቆሬ ደርሳ መኪኖች የሚቆሙበት ሜዳ ላይ ከአንዱ ሹፌር ወደ አንዱ እየሄደች «ከበደን አይታችኋል? ረጅም ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው» ስትል ዋለች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ተኩሱ ቀረበ፤ መኪኖቹ ሁሉ ሸሹ፤ እሷ ባዶው ሜዳ ላይ ቀረች። ኡበይድ ሱቁን ዘግቶ ሲሮጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«‹እናቴ ተነሡ፣ ይገድሉዎታል› አልኳቸው» አለ ኡበይድ። «‹ባሌ በዚህ ነው የሚያልፈው› አሉኝ። ወላሂ፣ አንሥቼ ተሸክሜ ነው ያመጣኋቸው።»

«እዚህም መቀመጥ አላስቻላቸውም» አለች ፋዲላ። «መውጣት የለ፣ ስልክ የለ። እጃቸው ሥራ ሲያጣ ጊዜ የበላነውን ፍሬ እያጠቡ በየብርጭቆው ውሃ ውስጥ አቆሙ። እኛም ልጅ ሆነን እንዲህ እናደርግ ነበር ስላቸው ስቴኪኒ አምጪ አሉኝ። ሻይ የምንጠጣበት እስክናጣ ድረስ! ጠዋት ተነሥተው መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። በሃያኛው ቀን አንዱ ተሰነጠቀ። ልጆቹን ሁሉ ጠርተው አሳዩ። ያን ቀን ነው ሲስቁ ያየኋቸው።»

«ታዲያ ለምን ደበቀችኝ?» አለ ከበደ።

ፋዲላ መሬት መሬት እያየች ፈገግ አለች። «መንገዱ በተከፈተ ማግስት ኡበይድ ከሚሌ የመጣ ሹፌር አግኝቶ ‹ከበደ ደህና ነው፣ ከኋላ ይመጣል› ሲላቸው ተንበርክከው መሬት ሳሙ። ከዚያ ቶሎ ዕቃቸውን ሰበሰቡ። ‹ከእሱ ቀድሜ ቤቴ መግባት አለብኝ› አሉ። ‹እንዲህ ስፈልገው እንደነበር ካወቀ አንገቱ አይዞርም፤ እንዳትነግሩት› ብለው አስማሉን። በኋላም ወደ ማጀቴ ሲያልፉ እየወረዱ ይጠይቁን ነበር። ትተውልን የሄዱትን ችግኝ አምና ፍየል በላብን። ‹ሌላ አበቅልላችኋለሁ› አሉ። ጥር ላይ ብንደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ቀየሩት ብለን ነው።»

ከበደ ተነሣና «ሜዳውን አሳየኝ» አለው ኡበይድን።

አብረው ወጡ። አሁን ሜዳው ላይ ሦስት ተሳቢዎች ቆመዋል፤ ሹፌሮቹ ጥላ ሥር ተጋድመዋል። አንዲት ሴት በሳፋ የተቀቀለ እንቁላል ትሸጣለች። ኡበይድ «እዚህ ጋ ነበሩ» ብሎ በጣቱ አሳየውና ራቅ ብሎ ቆመ። ከበደ እዚያው ቆሞ መንገዱን በሁለቱም በኩል አየ። በዚህ ቦታ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለፈ አሰበ፤ አንድም ጊዜ አልቆመበትም። ጀውሃ ለመድረስ ስለሚቸኩል ነው። ጌጤ እዚህ ሦስት ቀን ቆማለች። የማታውቀውን ሹፌር ሁሉ የከበደን ስም ጠርታ ጠይቃለች፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይቀር ተናግራለች። መሐረቡን አውጥቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጥላ ሥር ከተጋደሙት ሹፌሮች አንዱ ተነሥቶ «አባባ፣ ምን ሆኑ?» አለው። «ምንም» አለ ከበደ። «ሰው ጠፍቶኝ ነው።»

ወደ ሸዋ ሮቢት ሲመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ሐና ካርቶኖቹን አስራ በረንዳ ላይ ትጠብቀዋለች። ሁሉንም ነገራት፤ ምንም አላስቀረም።

«ምናለ ብትነግርህ ኖሮ?» አለች በመጨረሻ።

«ብትነግረኝ እስቅ ነበር» አለ ከበደ። «‹ለመሆኑ ሞቼ ነው እንዴ የምትወጂኝ?› ብዬ እቀልድባት ነበር። ሹፌሮቹ መሐል አወራው ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ። ደግ አደረገች።»

ሐና በነጋታው ለብቻዋ ሄደች፤ ስሟ ያለበትን ብርጭቆ ጭኗ ላይ አድርጋ። አባቷ ክረምቱን ደብረ ብርሃን ሊያሳልፍ ቃል ገባላት፤ እስከዚያ ግን ሥራ አለኝ አለ። ሥራው ካራቆሬ ነበር። ከትንሣኤ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጥቅል የሽቦ አጥር ገዝቶ ሚኒባስ ላይ አስጫነ። ከኡበይድ ጋር ከጓሮው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ችግኙን ተክለው፣ ፍየል እንዳይደርስበት ዙሪያውን አጠሩት። ሁለቱም ቁፋሮ አልለመዱምና እጃቸው ውሃ ቋጠረ። ፋዲላ ከበረንዳ ሆና ትስቅባቸው ነበር።

ምሳ ከበሉ በኋላ ፋዲላ ጠየቀችው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የት ነው የተዋወቃችሁት? እሳቸውን ስጠይቃቸው ‹እሱን ጠይቂው፣ ያስታውስ እንደሆን› ነበር የሚሉኝ።»

ከበደ እንደሚያስታውስ ለማንም ነግሮ አያውቅም። «ማጀቴ ገበያ ነው» አለ። «ማሽላ ልጭን ሄጄ። መሬት ላይ ጨርቅ ዘርግታ ሎሚ ትሸጣለች። ዋጋ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ቀንሺ ስላት ‹ካልፈለግህ እለፍ፣ ገበያ ከለልክብኝ› አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ቆንጆ ነኝ፤ ሴት እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ተናድጄ ያላትን ሎሚ በሙሉ ገዛሁት። አንድ ኬሻ ሙሉ ሎሚ ይዤ አሰብ ወረድኩ። ምን እንደማደርገው አላውቅም። ጋቢናው ሎሚ ሎሚ ሲል፣ እኔም እሷን ሳስብ…»

ከመንገዱ በኩል የሸዋ ሮቢት ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ። ኡበይድ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ያመልጥዎታል።»

«ይሂድ» አለ ከበደ፣ ወንበሩን ወደ ፋዲላ እያስጠጋ። «ይሄን ልጨርስላት።»